ዳሌ ነው፣ ጉልበት ነው ወይስ ወገብ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ጉልበት ሕመም ብዙ ጥያቄ ሲደርሰኝ ሰንብቷል። ደብዳቤዎቹን ረጋ ብዬ ሳነባቸው ግን ጥቂት የማይባሉት ስለ ጉልበት አይደሉም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለዳሌ ሰጥቼዋለሁ። ስም አላወጣሁም፣ ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎችም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሴት ነኝ፣ 57 ዓመቴ ነው። ቀኝ ጉልበቴን ማመም ከጀመረኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ራጅ ተነሳሁ፣ ጉልበትሽ ምንም የለውም ተባልኩ። ቅባት ሰጡኝ፣ ቀባሁት፣ ለውጥ የለም። አሁን አሁን ደግሞ ብሽሽቴን ይወጋኛል፣ በተለይ ብዙ ተቀምጬ ስነሳ። የሚገርመው ካልሲ ማድረግ አቃተኝ። የግራውን በቀላሉ አደርጋለሁ፣ ቀኝ እግሬ ግን ወደ እኔ አልመጣ ብሎኝ የምታደርግልኝ ልጄ ናት። እርጅና ነው ብዬ ልተወው?

መልስ፦ ኧረ አይተዉት! እርጅና ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እግሮችዎ እኩል 57 ዓመታቸው ነው። ግራው እሺ እያለ ቀኙ ለምን እምቢ ይላል?

እኔ የጠረጠርኩት ጉልበትዎን ሳይሆን ዳሌዎን ነው። ብዙ ሰው «ዳሌዬን አመመኝ» ሲል እጁን የሚያሳርፈው ጎኑ ላይ ወይም መቀመጫው ላይ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ግን እዚያ አይደለም ያለው። የጭን አጥንት ክብ ራስ ከዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከፊት በኩል፣ ከብሽሽት ጠለቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ስለዚህ መገጣጠሚያው ራሱ ሲታመም ብዙ ጊዜ የሚሰማው ብሽሽት ላይ ነው፤ ከዚያ በጭን ፊት ለፊት ይወርዳል፣ አንዳንዴ መቀመጫ ላይ ይሰማል፣ አንዳንዴም ሁሉንም ዘሎ ጉልበት ላይ ብቻ ብቅ ይላል። ለዳሌ መገጣጠሚያ ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ለጉልበትም ስለሚያገለግሉ አንጎል ሕመሙ ከየት እንደተነሳ ይምታታበታል። ጉልበታቸው በራጅ ታይቶ፣ ታሽቶ፣ መርፌ ሁሉ ተወግቶ ዳሌያቸውን ግን ማንም ያላየላቸው ሰዎች አሉ። ጉልበቱ ጤነኛ ሆኖ «ጉልበቴን» የሚል ሰው ሲመጣ ዳሌውን አዟዙሮ ማየት የሐኪሙ ሥራ ነው። ካላደረገው እርስዎ ይጠይቁት፣ ነውር የለውም።

ወደ ካልሲዋ ልመለስ፤ ከደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ እሷ ናት። መገጣጠሚያው ውስጥ አጥንቶቹን የሚሸፍነው ካርቲሌጅ የሚባለው አንሸራታች ልባስ እየሳሳ፣ አጥንቱም በዳርና በዳር እያበጠ ሲሄድ ዳሌ መዞር ያቅተዋል። ቶሎ ከሚጠፉት ውስጥ አንዱ ወደ ውስጥ መዞሩ ነው። ካልሲ ማድረግ፣ የእግር ጥፍር መቁረጥ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ መኪና ውስጥ ሲገቡ እግርን አንስቶ ማስገባት፣ እነዚህ ሁሉ ዳሌ እንዲታጠፍም እንዲዞርም ይፈልጋሉ። ችግሩ ሰው ይህን እንደ በሽታ አይቆጥረውም። ዘዴ ይፈጥራል። ክር ያለውን ጫማ ትቶ ክር የሌለው ይገዛል፣ እግሩን ወደ ኋላ አጥፎ ካልሲውን ከጀርባ በኩል ይጎትታል፣ ደረጃ ሲወጣ ሳያስበው ሁልጊዜ በደህናው እግር ይጀምራል። ሲጠየቅ ደግሞ «ምንም የቸገረኝ ነገር የለም» ይላል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ቤተሰብ ነው።

ቤትዎ ሆነው አንድ ነገር መሞከር ይችላሉ። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡና ጉልበቶችዎን ያገጣጥሙ። ከዚያ ጉልበቶቹ ሳይላቀቁ አንደኛውን እግር ከጉልበት በታች ወደ ውጭ ጎን ያንሸራቱት። እግርዎ ወደ ውጭ ሲሄድ ዳሌዎ ወደ ውስጥ እየዞረ ነው። ሌላውንም እንዲሁ ያድርጉና ያወዳድሩ። ቀኙ ከግራው በጣም ቀድሞ ከቆመ ወይም ብሽሽትዎን ቆንጠጥ ካደረገዎት ጥርጣሬው ይጠነክራል። በግድ አይግፉት። ዳሌው በቀዶ ሕክምና የተቀየረለት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሞክረው። ይህ ምርመራ አይደለም፤ ሐኪሙ አልጋ ላይ አስተኝቶ እግርዎን እያዞረ የተሻለ አድርጎ ያየዋል።

ሌሎቹን ምልክቶች ከራስዎ ጋር ያስተያዩዋቸው። ከተቀመጡበት ሲነሱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ይከብዳሉ፣ ትንሽ ሄድ ሲሉ ይፍታታል፣ ብዙ ሲሄዱ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ጠዋት ላይ ድርቅ ይላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይም። ማነከስ ይመጣል፤ ሰውነት በታመመው እግር ላይ ቶሎ ረግጦ ቶሎ ማንሳት ይፈልጋል። ደህና ሳምንትና መጥፎ ሳምንት ይፈራረቃሉ፣ ስለዚህ «ባለፈው ሳምንት እኮ አልነበረም» ብለው አይዘናጉ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ነው።

የእንግሊዙ ብሔራዊ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ 45 ዓመት የሞላው ሰው ሲንቀሳቀስ የሚብስ የመገጣጠሚያ ሕመም ካለውና የጠዋቱ ድርቀት ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ ያለ ራጅም ኦስቲዮአርትራይተስ (እላይ ያልኩት የካርቲሌጅ መሳሳት የሚያመጣው የመገጣጠሚያ በሽታ) ነው ማለት ይቻላል ይላል። የእርስዎ ጉዳይ ግን ጉልበት ነው ዳሌ ነው እየተባለ ዓመት ስለፈጀ የዳሌ ራጅ ቢነሱ እኔ አልቃወምም። ኤምአርአይ የሚባለው በማግኔት የሚነሳ ምስል ግን ለዚህ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ ቀድመው ገንዘብዎን አይጨርሱበት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? 49 ዓመቴ ነው። እኔን የሚያመኝ ዳሌዬ ጎን ላይ ያለችው የምትጎረብጥ አጥንት ጋ ነው። በጣቴ ስጫናት ታስጮኸኛለች። በዚያ ጎን መተኛት አልችልም። ደረጃ ስወጣ ይብሳል። ካልሲ፣ ጫማ ምናምን ችግር የለብኝም። ኢንተርኔት ሳገላብጥ የዳሌ አርትራይተስ ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ይኸው እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍሽን መልሺ። በአንድ ጣት የምታመለክቺው፣ ጎን ላይ ያለ፣ ሲጫኑት የሚያምና ስትተኚበት የሚብስ ሕመም ብዙ ጊዜ ከመገጣጠሚያው አይደለም። የመቀመጫ ጡንቻዎች በጅማት የሚያያዙት እዚያች አጥንት ላይ ነው፣ የሚቆጣውም ይኸው ጅማት ነው። ከ40 እስከ 60 ባለው ዕድሜ ሴቶችን በብዛት ይይዛል። ዱሮ እዚያ አካባቢ ያለች የፈሳሽ ከረጢት አብጣ ነው ይባል ነበር፤ አሁን ግን ዋናው ጥፋተኛ ጅማቱ መሆኑ ታውቋል።

ከመገጣጠሚያው የሚመጣ ሕመም ያለበት ሰው «የት ነው?» ሲባል እንዳንቺ በጣት አያመለክትም። አውራ ጣቱንና ሌሎቹን ጣቶች ከፍቶ ጎኑን ከፊትና ከኋላ ጭብጥ ያደርገዋል፣ «እዚህ ውስጥ ነው» ለማለት ያህል። ሐኪሞች ይህን አያያዝ ያውቁታል።

ለጊዜው እግርሽን አጣምረሽ መቀመጥ ተዪ፣ ስትቆሚም ክብደትሽን በአንድ ዳሌ ላይ አትጣዪ። ስትተኚ በጉልበቶችሽ መካከል ወፍራም ትራስ አድርጊ። ብዙ ሰው ሲያመው ጉልበቱን ወደ ተቃራኒው ትከሻ እየሳበ ያንን ጎን ያሳስባል፤ ይሄ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር ስለሚያጨናንቀው ነገሩን ሊያብሰው ይችላል። የሚጠቅመው ቀስ በቀስ ጡንቻውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ትምህርትና እንቅስቃሴ ያገኙት ሰዎች ከ8 ሳምንት በኋላ የኮርቲሶን መርፌ ከተወጉት የተሻለ ለውጥ እንዳዩ አሳይቷል። መርፌው አይሠራም ማለት አይደለም፣ መጀመሪያ የሚኬድበት መንገድ ግን አይመስለኝም።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር ልበል። የጭን ውጫዊ ጎን ላይ የሚያቃጥልና የሚደነዝዝ ስሜት ካለ ዳሌም ጅማትም ላይሆን ይችላል። ብሽሽት አካባቢ የምታልፍ የቆዳ ነርቭ በጠባብ ቀበቶ ወይም በሱሪ ተጨቁና ሊሆን ይችላል። ከወገብ ወይም ከመቀመጫ ተነስቶ ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣት የሚወርድ፣ የሚነዝርና የሚያደነዝዝ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ የወገብ ነገር ነው። የዳሌና የወገብ ችግር አብረው ያሉበት ሰውም አለ፣ ሐኪሞችንም የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ 28 ዓመቴ ነው። ጠዋት ስነሳ ወገቤና መቀመጫዬ ደርቆ እስኪፍታታ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል። ወደ ንጋት ላይ ሕመሙ ያነቃኛል፣ ተነስቼ ስንጎራደድ ይሻለኛል። አርፌ ስቀመጥ ይብሳል። ጓደኞቼ «በዚህ ዕድሜህ አርትራይተስ?» እያሉ ይስቁብኛል።

መልስ፦ ይሳቁ። አንተ ግን ሐኪም ዘንድ ሂድ።

አርትራይተስ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ ብዙ ዓይነት አለው፣ የሽማግሌ ብቻ የሆነም አይደለም። እላይ ለእናታችን የጻፍኩት ከመገጣጠሚያው መሳሳት ጋር የሚመጣው ነው፣ ሲሠሩበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል። ያንተ የተገላቢጦሽ ነው። ዕረፍት ያብሰዋል፣ እንቅስቃሴ ያሻሽለዋል፣ የጠዋቱ ድርቀት ረጅም ነው፣ ሌሊቱን ያነቃሃል። ይህ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣ ብግነት ሊሆን ይችላል። ከ45 ዓመት በፊት የሚጀምር፣ አከርካሪንና ዳሌን የሚይዝ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ የሚባል በሽታ አለ። ራጁ ለዓመታት ንጹሕ ሊመስል ስለሚችል «ራጅህ ደህና ነው» ተብለህ አትመለስ። የመገጣጠሚያ ብግነት ሐኪም፣ ማለትም ሩማቶሎጂስት ጋ እንዲልኩህ ጠይቅ። ስትሄድ ዓይንህ ቀልቶና ታሞ ያውቅ እንደሆነ፣ ቆዳህ ላይ የሚቀረፍ ሽፍታ ወይም የሚመላለስ የአንጀት ችግር ካለብህ፣ ከቤተሰብ ተመሳሳይ የታመመ ካለ ንገራቸው። ሲጠየቅ «ይሄ ከወገብ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ያገናኘዋል። ዓይንህ በድንገት ቀልቶ ካመመህና ብርሃን ካስጠላህ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሂድ።

ወጣቶች ብሽሽታቸውን ሲያማቸው ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ሲወለዱ ጀምሮ ጎድጓዳው ጠለቅ ያላለ ዳሌ፣ ወይም ሲታጠፍ አጥንት ከአጥንት የሚጋጭበት ቅርጽ ያለው ዳሌ በወጣትነት ሊያምና ኋላ ላይ ቶሎ ሊያረጅ ይችላል። የጭን አጥንት ራስ ደም ሳያገኝ ቀርቶ የሚሞትበት ሁኔታም አለ። ስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰዱ፣ አልኮል በብዛት የሚጠጡና የሲክል ሴል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ለዚህ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። እነሱን ብሽሽት ላይ ሲያማቸው ዝም ብሎ መጠበቅ ጥሩ አይደለም፣ ኤምአርአይ እዚህ ላይ ነው ቦታው። ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ የሚያነክስ ልጅ «ጉልበቴን» ቢልም ዳሌው መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ ስለ አባቴ ነው። 71 ዓመታቸው ነው። ሐኪሙ የዳሌ ራጃቸውን አይቶ «አልቋል፣ አጥንት ከአጥንት ነው የሚፋተገው» አላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወንበር አይነሱም። «ባለቀ ነገር ላይ ለምን እጨምርበታለሁ» ይላሉ። ከዚያ በፊት እኮ እያነከሱም ቢሆን ወጣ ገባ ይሉ ነበር። ቀዶ ሕክምናም ይፈራሉ። ሴት ልጃቸው ነኝ።

መልስ፦ «አልቋል» የምትለዋን ቃል ከሐኪም አፍ ባላወጣት ደስ ይለኝ ነበር። አባትሽን ያስቀመጣቸው ከዳሌያቸው ይልቅ ይህች ቃል ትመስለኛለች።

ራጅ የሚያሳየው ነገር አለ። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡን፣ ዳር ዳር የበቀለ አጥንት መኖሩን፣ አጥንቱ ጠጥሮ መንጣቱን ያሳያል። ስንት ሰዓት መራመድ እንደሚችሉ ግን አያሳይም። ራጃቸው አስፈሪ ሆኖ ብዙ የማያማቸው ሰዎች አሉ፣ ራጃቸው ደህና መስሎ ሕመም የሚያንገላታቸውም አሉ። አባትሽ ራጁን ከመነሳታቸው በፊት በነበረው ቀን የነበራቸው ዳሌ ይሄው ዳሌ ነው፣ ወጣ ገባም ይሉበት ነበር።

መቀመጡ ደግሞ አይጠብቀውም። ጡንቻው ይሰልላል፣ መገጣጠሚያው ይበልጥ ይደርቃል፣ ያኔ ትንሽ ሲራመዱ ያማቸዋል፣ «አላልኳችሁም!» ብለው ተመልሰው ይቀመጣሉ። ስለዚህ በጥቂቱ ያስነሷቸው። በሚችሉት መጠን የእግር ጉዞ፣ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት፣ ዋና ከተገኘ ዋና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመቀመጫና የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየታገዙ። ሲንቀሳቀሱ ትንሽ ቢያማቸው ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም። ሕመሙ በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልክ ናቸው፤ ካልተመለሰ ትንሽ ይቀንሱ እንጂ አይተዉት። ተጨማሪ ክብደት ካላቸው መቀነሱ ይረዳል። ሰው ሲራመድ በየእርምጃው ዳሌው ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ በዚህ ዕድሜ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ያስታግሳሉ፣ ግን ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ ደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም፤ የተለያየ ስም ስላላቸው ሳያውቁ የሚደርቡ ሰዎች አሉ። የሌላ በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ።

ቀዶ ሕክምናው ላይ ፍርሃታቸውን አልንቅም፣ ትልቅ ሥራ ነው። ግን አዲስ ነገር አይደለም። የዛሬው ዘዴ መሠረት የተጣለው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 በሠሩት ሰው ሠራሽ ዳሌ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሳኩት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ተብሎ የሚቆጠር ሆኗል። ከሚገጠሙት ሰው ሠራሽ ዳሌዎች ከግማሽ የሚበልጡት 25 ዓመት ያገለግላሉ። ኢንፌክሽን፣ የደም መርጋት፣ መገጣጠሚያው ከቦታው መውለቅ ያጋጥማል፣ በብዛት ባይሆንም። ብዙ ቦታ ታካሚው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይቆማል፣ እስኪለምዱት ግን ወራት ይወስዳል።

ውሳኔው በራጁ አይደለም የሚሰጠው። ሌሊት እንቅልፍ ይነሳቸዋል ወይ? የሚወዱትን ነገር ከልክሏቸዋል ወይ? እንቅስቃሴውና መድኃኒቱ በደንብ ተሞክሮ አልበቃም ወይ? ለእነዚህ መልሱ ወደ «አዎ» እያመዘነ ሲመጣ ያኔ ከቀዶ ሐኪም ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። መነጋገር ብቻውን ቢላ አያስነሳም፣ ይህን ንገሪልኝ።

ጥያቄ፦ ቀጠሮ የማይጠበቅበት የዳሌ ሕመም የትኛው ነው?

መልስ፦ ወድቀው ከተነሱ በኋላ ያንን እግር መርገጥ ካቃተዎት፣ በተለይ በዕድሜ ለገፋ ሰው፣ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይሂዱ። ትኩሳት ካለና ዳሌዎን በየትኛውም አቅጣጫ ማንቀሳቀስ ካልቻሉ መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል፣ ሰዓታት ናቸው ዋጋ ያላቸው። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም በሁለቱ እግሮች መካከል ከደነዘዘ ይሄ የአከርካሪ ድንገተኛ ነው። ከዚህ በፊት ካንሰር የታከመ ሰው፣ ወይም ያለ ምክንያት እየከሳ ሌሊት ቀን የማይለቅ ሕመም ያለበት ሰውም ቶሎ ይታይ። ብሽሽት ላይ ሲያስሉ ብቅ የሚል እብጠት ካለ ደግሞ ዳሌውን ትተው ቡአ እንደሆነ ያስመርምሩ። እሱም ጠንክሮ አልመለስ ካለና ካመመ ድንገተኛ ነው።

ጥያቄ፦ ዳሌዬ ስራመድ ቋ ይላል፣ አያመኝም። ልፍራ?

መልስ፦ ካላመመ አይፍሩ። ብዙ ጊዜ ጅማት በአጥንት ላይ ሲያልፍ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ጥያቄ፦ ግሉኮሳሚን የሚባለው ክኒን ካርቲሌጅ ይመልሳል ወይ?

መልስ፦ አይመልስም። ናይስም ለኦስቲዮአርትራይተስ አትስጡ ይላል። ገንዘቡን ለፊዚዮቴራፒ ያውሉት።

ጥያቄ፦ ግራ ዳሌዬን ነው የሚያመኝ። ከዘራ ገዛሁና በግራ እጄ እየያዝኩ ስሄድ ባሰብኝ። ያለሱ ይሻለኛል መሰለኝ።

መልስ፦ ከዘራው አይደለም ጥፋቱ፣ እጁ ነው። በቀኝ እጅዎ ይያዙት፣ ከሚያመው በተቃራኒ በኩል ማለት ነው። ግራ እግርዎ ወደ ፊት ሲሄድ ከዘራውም አብሮት ይሂድ፤ ያኔ ዳሌዎን የሚደግፉት ጡንቻዎች ሥራ ይቀንስላቸዋል፣ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫናም ይቀላል። ቁመቱንም ይዩት። ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ሲቆሙና እጅዎን ዝቅ ሲያደርጉ መያዣው የእጅ አንጓዎ ጋ መድረስ አለበት፣ ከዚያ ከረዘመ ትከሻዎን ይጎዳል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ከዘራውና የታመመው።